ከሪፖርቱ ጀርባ

ለመስክ ሥራ ስንወጣ የሚሰጠን የሪፖርት ቅጽ አምስት ዓምዶች ነበሩት፤ የተጎበኘው ጤና ጣቢያ፣ የተሠራው ሥራ፣ የተተካው ዕቃ፣ ያጋጠመው ችግር እና የተወሰደው መፍትሔ። ከ2006 እስከ 2012 ዓ.ም. ክትባት የሚቀመጥባቸውን ፍሪጆች እየጠገንኩ ሰሜን ሸዋን ስዞር፣ አራተኛውን ዓምድ ባዶ ትቼ የተመለስኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ችግር ሞልቷል፤ ቢጠፋም እንኳ ባዶ ዓምድ ያለበት ሪፖርት ያልተሠራ ሥራ ስለሚመስል ተፈልጎ ይገኝለታል። ደስ ያለኝን ነገር የምጽፍበት ዓምድ ግን አልነበረም፤ ሊኖርም አይገባም፣ አበል የሚከፈለኝ ደስ እንዲለኝ አይደለምና።

አንድ ማታ መሐል ሜዳ በምትባለው የመንዝ ከተማ፣ መብራት ጠፍቶ በሻማ ሪፖርት ስጽፍ፣ ለራሴ የማስቀረውን ቅጂ ገልብጬ በእርሳስ «ጠዋት የበላሁት የገብስ ዳቦ ትኩስ ነበር» ብዬ ጻፍኩበት። ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ምናልባት ፊት ለፊቱ ላይ የሠፈረው ሁሉ የተቃጠለና የተሰበረ፣ የጎደለና የዘገየ ነገር ስለነበረ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነብኝ። ባለፈው ክረምት ቤት ስንቀይር እነዚያ ቅጂዎች ከአንድ ካርቶን ውስጥ ወጡ፤ ዕቃው እንደተከመረ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ፊታቸውን እየዘለልኩ ጀርባ ጀርባቸውን ሳነብ አመሸሁ።

የገረመኝ ያልጻፍኩት ነገር ብዛት ነው። ሰሜን ሸዋ ለዓይን የሚነፍገው የለም። ከጣርማበር ቁልቁል ሲያዩት ምድር የተቆረሰ የሚያስመስለው ገደል፣ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረው የአንኮበር ኮረብታ፣ የመንዝ ሰዎች ለዘመናት ሣሩን ቄሮ በሚባለው ነባር የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ዘግተውና ከፍተው ያቆዩት ጓሳ፣ ሁሉም በመንገዴ ላይ ነበሩ። በስድስት ዓመት ምልልስ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ የዚያን ቀን ከሪፖርቱ ጀርባ የሠፈረው «ቀይ ቀበሮ አየን» የሚል ሦስት ቃል ነው። ጸሐይ ስለ መሞቅ የጻፍኩት ግን በብዙ ቀን፣ አንዳንዴም ግማሽ ገጽ እየሞላ ተገኘ።

የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ መስክ ለሚወጣ ሰው የሚሰጡት ምክር አንድ ዓይነት ነበር፤ ሥራህን ቶሎ ጨርስና አገር እይ። በቅንነት የሚሰጥ ምክር ስለሆነ አልነቅፈውም፤ ለእኔ ግን አልሠራልኝም። ሥራውን ለመጨረስ እየተጣደፍኩ የተረፈችኝን አንዲት ሰዓት ይዤ ወደ አንድ የታወቀ ቦታ ስሮጥ፣ እዚያ ስደርስ የማስበው ያልተወራረደውን ሂሳብና ያላጠበቅኩትን ብሎን ነው። ደግሞም ጎብኚ አንድ ጊዜ መጥቶ ይሄዳል፤ እኔ በየሁለትና በየሦስት ወሩ ወደዚያው ጤና ጣቢያ፣ በዚያው መንገድ፣ ብዙ ጊዜም ወደዚያው አልጋ ነበር የምመለሰው። ገደል ሁለተኛ ጊዜ ሲያዩት የመጀመሪያውን ያህል ልብ አያስደነግጥም። ትኩስ ዳቦ ግን በሦስተኛው ጊዜ ይብሳል፣ ምክንያቱም ከሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ጀምሮ ስለሚጠበቅ።

ደብረ ብርሃን የመጀመሪያዋ አዳሬ ነበረች። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነች በቀን ደርሶ መልስ ይቻላል፤ ነገር ግን በዚያ በኩል ወደ አንኮበር፣ በዚህ በኩል ወደ ደነባና እነዋሪ፣ ፊት ለፊት ደግሞ ወደ መንዝና ወደ ይፋት የሚወጣ ሰው ሁሉ ያድርባታል። ብርዷን ያልሰማ የለም፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷ ግን ከወሬው ይብሳል። አንድ ታኅሣሥ በያዝኩት ክፍል የመስኮቱ መስታወት ተሰብሮ በካርቶን ተወትፎ ነበር። እንቅልፍ ሲያስቸግረኝ ቴርሞሜትሬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ኮመዲኖው ላይ አስቀመጥኩት፤ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ በባትሪ ሳየው 7 ዲግሪ ይላል። ክትባት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። እንግዲህ ያ ክፍል እኔን ለማሳደር አይብቃ እንጂ የፖሊዮ ክትባት ለማሳደር መመዘኛውን በሚገባ ያሟላ ነበር። ብቻዬን ሳቅሁ፤ ጋቢዬን ተከናንቤም ይህንኑ ጻፍኩ። የተሰበረው መስታወት በዚያው ዓመት አልተተካም።

የዚህ ብርድ ካሣው ጠዋት ነው። ከፔንሲዮኑ ጀርባ ወደ ምሥራቅ የዞረ የድንጋይ ግድግዳ አለ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ቆርቆሮው ላይ ያደረው ውርጭ ቀልጦ ከጣሪያው ጫፍ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር፣ የሠፈሩ ሰው አንድ በአንድ ብቅ እያለ ለግድግዳው ጀርባውን ይሰጣል። ጋቢ የለበሰ አለ፣ ካፖርት የደረበ አለ፣ የትምህርት ቤት ደብተሩን ብብቱ ውስጥ የሸጎጠ ልጅ አለ። ለዚህ ጉዳይ ማንም ማንንም አይቀጥርም። ግድግዳው ገና የሌሊቱን ብርድ እንደያዘ ስለሆነ መጀመሪያ አይደገፉትም፤ በጀርባና በድንጋዩ መካከል አንድ ጣት የምታህል ክፍተት ትተው ይቆማሉ። ጸሐዩ መጀመሪያ ግንባርን፣ ቀጥሎ ጉልበትን፣ ከብዙ ቆይታ በኋላ የእግር ጣትን ያገኛል። ግማሽ ሰዓት ያህል ሲሆን ድንጋዩም ይሞቅና አንዱ ሽማግሌ ቀስ ብለው ጀርባቸውን ያሳርፋሉ፤ ሌላውም ይከተላል። ይህ ከሰላምታ በቀር ብዙ የማይወራበት ስብሰባ ሲሆን፣ ከተካፈልኩባቸው ስብሰባዎች ሁሉ አጀንዳው በትክክል የሚፈጸምበት እርሱ ብቻ ነው።

ሾፌራችን ከእኔ በሃያ ዓመት የሚበልጡ፣ ይህን መንገድ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚነዱት የሚመስሉ ሰው ነበሩ። እኔ ሰዓቴን እያየሁ «ጋሼ፣ ብንነሣ አይሻልም?» ስላቸው፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ቆይ እስቲ፣ ሞተሩም ይሙቅ» ይሉኛል። መኪናው ጥላ ውስጥ ነው የቆመው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከሰማይ ብርሃን ታይቶ በዚያ ቦታ ከተማቸውን እንደቆረቆሩና ስሟም ከዚያ እንደመጣ ይነገራል፤ እኔ ስለዚያ ብርሃን የምመሰክረው የለኝም፣ የአንድ ሰዓት ተኩሉን ግን በጀርባዬ አውቀዋለሁ።

ሥራው ራሱም ደስታ ነበረው፤ ይህንን ለሰው ስናገር ግን አብዛኛው ሰው ለትሕትና ራሱን ነቅንቆልኝ ያልፈዋል። በየፍሪጁ በር ላይ የሙቀት መመዝገቢያ ወረቀት ይለጠፋል። ባለሙያው በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ ቴርሞሜትሩን አንብቦ ነጥብ ያደርግበታል፤ ነጥቦቹ ሲያያዙ የወሩ መስመር ይወጣል። የሐሰት ወረቀት ከሩቁ ይታወቃል፦ ሠላሳውም ቀን 5 ዲግሪ፣ ሠላሳውም ቀን አንድ ዓይነት እስክሪብቶ፣ አንድ ዓይነት የእጅ ግፊት፣ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ሲባል በአንድ ቁጭታ የተሞላ። እንዲህ ያለውን አንድ ቦታ ደጋግሜ አግኝቼ ተናድጃለሁ፤ ተናግሬያለሁም፤ የተለወጠ ነገር ቢኖር በሚቀጥለው ጊዜ ሁለት ቀለም መጠቀማቸው ነው። እውነተኛው ወረቀት ግን ይወጣል ይወርዳል፤ 3፣ 6፣ 4፣ 7፣ አንድ ቀን ደግሞ 9 ሆኖ በቀይ ተከብቦ አጠገቡ «መብራት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ ጠፍቶ» ይላል። ከአንኮበር ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ያገኘሁትን የታኅሣሥና የጥር ወረቀት እስካሁን አልረሳውም። የገና ዕለት ሁለት ነጥብ፣ የጥምቀት ዕለት ሁለት ነጥብ፤ በጥምቀት ማታ ያለችው ነጥብ ላይ ትንሽ የቀለም መፍሰስ አለ፣ እጇ እርጥብ ነበር ማለት ነው። ሲስተሯን ሳመሰግናት «ምን የሚያስመሰግን አለው፣ ቤቴ እኮ ከዚህ ቅርብ ነው» ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች። የዚያን ቀን ከሪፖርቱ ጀርባ የጻፍኩት ስለ ወረቀቱ ብቻ ነው።

በደጋው የእኔ ሥራ ሙቀት ከመከላከል ይልቅ ብርድ መከላከል እንደነበረ ሰው አይገምትም። እንደ ቴታነስና አምስት በሽታዎችን በአንድ የሚከላከለው ክትባት ያሉት አንዴ በረዶ ሆነው ከቀለጡ የመከላከል ኃይላቸው ይጠፋል፤ መልካቸው ያው ስለሆነ ግን ያላወቀ ሰው ይሰጣቸዋል። ስለዚህ ብልቃጡን ነቅንቆ አስቀምጦ፣ ዝቃጩ በፍጥነት መውረድና አለመውረዱን በረዶ ሆኖ እንደቀለጠ ከሚታወቅ ሌላ ብልቃጥ ጋር እያስተያዩ መጠባበቅ አለ። ያ ግማሽ ሰዓት የሚሆን መጠበቅ፣ ሁለት ብልቃጥ ጠረጴዛ ላይ፣ መስኮት ላይ ብርሃን፣ ከውጭ የክትባት ቀን ስለሆነ የሕፃናት ለቅሶ፤ ዝም ብሎ መቀመጥ የሥራ ግዴታ የሆነበት ብቸኛው ሰዓቴ ነበርና እወደው ነበር።

ከሁሉ ግን በተደጋጋሚ የተጻፈው ወደ ሸዋ ሮቢት መውረድ ነው። ጣርማበር ላይ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነን፤ ጉም መንገዱን ውጦት ጋሼ መብራት አብርተው በእግር እርምጃ ይነዳሉ፣ የበግ ጸጉር ቆብ የሚሸጡ ልጆች ከጉሙ ውስጥ እጃቸው ብቻ ብቅ ይላል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን ዋሻ እንገባለን፤ ውሃ ከጣሪያው ይንጠባጠባል፣ የጭነት መኪና ድምፅ ደረት ውስጥ ይገባል። ስንወጣ ቁልቁለቱ ይጀምራል። በስተቀኝ በስተግራ ገደሉ ጫፍ ላይ ጭላዳዎች ተቀምጠው፣ እንደ ደብረ ብርሃን ሰው ጀርባቸውን ለጸሐይ ሰጥተው ሣር ይነጫሉ። የመጀመሪያው ጠምዛዛ ላይ ጆሮዬ ይደፈናል። ደብረ ሲና ሳንደርስ ካፖርቴን አወልቃለሁ፤ ደብረ ሲናን ስናልፍ ሹራቤን፤ ጋሼ መስኮታቸውን ጣት ያህል ዝቅ ያደርጉና፣ ቀጥሎ ግማሽ፣ ቀጥሎ ሙሉውን፣ በመጨረሻ ክንዳቸውን በመስኮቱ ላይ ያሳርፋሉ። ያ ክንድ ሲወጣ ቆላ መግባታችንን አውቃለሁ። ከ50 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ መንገድ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወርደን ሸዋ ሮቢት ስንገባ፣ ኋላ ወንበር ላይ የተቆለለው ልብስ የሌላ ሰው ይመስለኛል።

ሸዋ ሮቢት ላይ ሥራው ተቃራኒ ነው፤ ፍሪጁ ሌት ተቀን ሲያቃስት ይገኛል፣ ኮምፕሬሰሩ በአቧራ ታፍኗል። ማታ ግን በአንሶላ ብቻ ተኝቶ፣ አጎበር ውስጥ ሆኖ፣ ውጭ ወንበር አውጥተው የሚጨዋወቱ ሰዎችን ድምፅ መስማት አለ። ትናንት ሦስት ብርድ ልብስ የደረበ ሰው ዛሬ እግሩን ከአንሶላ ውጭ ሲዘረጋ የሚሰማው ነገር አለ፤ እንዲያው ተመቸኝ ከማለት ሌላ ቃል አጥቼለታለሁ። ሁልጊዜ በቆላ የሚኖር ሰው ይህን አያውቀውም፣ ሁልጊዜ በደጋ የሚኖርም እንደዚያው። ስንመለስ ደግሞ ልብሱ አንድ በአንድ ወደ ላይ ይለበሳል፤ መውጣቱ ግን እንደ መውረዱ አይጥምም፣ ስለዚህ ብዙ አልጻፍኩበትም።

ሁሉ ጉዞ እንዲህ ነበር ብዬ ልዋሽ አልፈልግም። ጀርባቸው ባዶ የሆኑ ሪፖርቶች አሉ፤ ስቆጥራቸው ከሲሶው አላነሱም። ታምሜ የሄድኩባቸው፣ ቤት ውስጥ ሰው ታሞ ትቼ የሄድኩባቸው፣ አበል ሦስት ወር ዘግይቶ ከኪሴ እያወጣሁ የሠራሁባቸው ናቸው። በባዶ ሆድና በብድር ላይ ሆኖ ትንንሽ ደስታ ፈልግ የሚል ምክር ቢሰጠኝ ኖሮ መካሪውን የምመልስለት አላጣም ነበር።

አንዱን ግን ባዶ ሊቀር ሲል ነው ያተረፍኩት። መስከረም መጨረሻ ላይ ከደነባ ወደ እነዋሪ ስንሄድ፣ ክረምቱ ወጣ ስንል ሌሊት የጣለ ዝናብ የጅሩን ዋልካ አፍልቶት ኖሮ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ጤና ኬላው በታጠፍን በአምስት ደቂቃ ውስጥ መኪናው እስከ ሆዱ ገባ። ጋሼ ወርደው ጎማውን አዩት፤ እኔንም አዩኝ፤ ከዚያ ሲጋራ ለኮሱ። ዋልካ ያልገባበት ሰው አያውቀውም፤ ጫማን ከእግር ያወልቃል፣ አካፋ ላይ ተጣብቆ አልወርድም ይላል። ጅሩ በሰንጋው የታወቀ አገር ነውና ከሁለት ሰዓት በኋላ ሁለት ጥማድ በሬ መጣ። በሬዎቹ እስኪመጡ ድረስ ግን ማሳው ዳር ያለው ገበሬ ዝም ብሎ ሲያየን ከቆየ በኋላ አንድ እቅፍ የባቄላ እሸት ነቅሎ መጥቶ «እንኩ፣ መቼም አትሄዱ» ብሎ ሰጠን። ልጣጩ በጣት ሲጫኑት ጠሽ ብሎ ይከፈታል፤ ውስጡ እንደ ነጭ ሱፍ የለሰለሰ ነው፤ ፍሬዎቹ እዚያ ላይ የተኙ ይመስላሉ። ጭቃ በተለደፈበት እጅ ጭቃ ያልነካውን ውስጡን እያወጣን፣ መኪናው መከላከያ ላይ ተቀምጠን፣ በላን። ጋሼ ሲጋራቸውን ጣሉት። በሪፖርቱ አራተኛ ዓምድ ላይ «በጭቃ ምክንያት ግማሽ ቀን ባክኗል» ይላል፤ ጀርባው ላይ «እሸት»።

ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ልበል፣ የመስክ ሠራተኛ ስለ አበል ሳያወራ አይውልምና። አብዛኞቻችን አበሉን ቆጥበን ወደ ቤት ለማምጣት ስንል ከርካሽ አልጋ የረከሰ፣ ከርካሽ ምሳ የረከሰ እንፈልጋለን፤ ያልቆጠቡት ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ ጥሬ ሥጋና አረቄ ይዘው ያመሻሉ። አረቄዋ የታወቀች ናት፣ አልሰድባትም፤ በማግሥቱ ቀጭን የመዳብ ቱቦ ከሚበይድ እጅ ጋር ግን አትስማማም። እኔ መካከሉን ይዤ፣ ለእያንዳንዱ ጉዞ ለማያስፈልግ ነገር የምትወጣ ሃያ ብር መደብኩ። ስመለስ ሸኖ ላይ ለጋ ቅቤ መግዛት ከዚህ አይቆጠርም፣ እርሱ የባለቤቴ ትእዛዝ ነው። ሃያ ብሯ ለእኔ ብቻ ናት። አንድ ጊዜ ጫማዬን ባልቆሸሸበት አስጠረግኩባት፤ አንድ ጊዜ ከልጆቹ የበግ ጸጉር ቆብ ለመግዛት ከእርሷ ላይ ጨመርኩ፤ ብዙ ጊዜ ግን መሐል ሜዳ ላይ ቆሎ ሆነች።

መሐል ሜዳ ላይ ከመነኻሪያው አለፍ ብሎ ባለ አንድ ቁርስ ቤት የገብስ ዳቦና ሻይ ይሸጣል። ባለቤቷን ሁሉም እትዬ ይላቸዋል፣ እኔም እንዲሁ። ያረፍኩት እርሳቸው በሚያከራዩት ክፍል ሲሆን፣ አልጋው ላይ የሚደረበው የመንዝ ባና ነው፤ በበግ ጸጉር የተሠራ፣ ከላይ ሲጥሉት የሆነ ሰው የተኛብዎት ያህል የሚከብድ፣ አየሩ እርጥብ ሲሆን በግ በግ የሚሸት። መጀመሪያ ሽታው አላስተኛኝም፤ በአራተኛው ጉዞ ባናውን ስስብ ያ ሽታ ካልመጣ እንቅልፌ የሚመጣ አልመስልህ አለኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ ደረቅ ሳል ይዞኝ ነበር። እትዬ ዝንጅብል አፍልተው ሰጡኝ፤ ከፍዬ ሄድኩ። ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ስመለስ፣ ገና በሩ ላይ ሳለሁ፣ እንግዳ ተቀባይነት የሚባለውን ሁሉ ዘለው «ያ ሳል ለቀቀህ?» አሉኝ። በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ስንት ሰው እንደተመላለሰባቸው አስባለሁ፤ የእኔ ሳል በመካከሉ ቦታ አግኝታ ቆይታለች። ከዚያ በኋላ ስሜን ጠይቀውኝ አያውቁም። ለሌላ ሰው ሲያወሩልኝ «ያ የሚያስለው» ነበርኩ፤ ዓመታት ሙሉ ሳላስል።

ማታ ማታ የገብስ ቆሎ ይቆሉልኝ ነበር። ብረት ምጣዱ ላይ ገብሱ መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ከዚያ አንዷ ፍሬ ትፈነዳለች፣ ከዚያ እርሳቸው በእፍኝ ሙሉ ጭራሮ በተሠራ ማማሰያ ያፈጥኑታል። ለወጉ ያህል ጥቂት ሽምብራ ይጨምሩበታል፤ ሽምብራ በመንዝ ደጋ አይበቅልም፣ ከገበያ የሚገዛ ነው። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ቆሎ ስይዝ ሽምብራውን እየለቀምኩ በልቼ ገብሱን የማስቀር ሰው ነኝ። ሁለት ጉዞ ሙሉ ዓይተው ዝም አሉኝ። በሦስተኛው «አንተ ልጅ፣ ገብሱን ለማን ትተህ ነው?» አሉኝ። አፍሬ ገብሱንም መብላት ጀመርኩ፤ እንዲያውም በኋላ ገብሱን ወደድኩት፣ ይህን ግን አልነገርኳቸውም።

በ2012 ዓ.ም. ወደ ቢሮ ሥራ ተዛወርኩ፤ መስመሬን አንድ ወጣት ባለሙያ ተረከበ። መሣሪያዎቹን፣ የየጤና ጣቢያውን መዝገብና የጋሼን ስልክ አስረከብኩት፤ ስለ ግድግዳውም ሆነ ስለ ቁርስ ቤቱ ምንም አልነገርኩትም፣ ሥራ ርክክብ ላይ የሚነገር ነገር አልመሰለኝም። በሁለተኛው ጉዞው ማግሥት ቢሮዬ መጥቶ በአሮጌ ጋዜጣ የተጠቀለለና በክር የታሰረ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። «አንዲት እናት ናቸው የሰጡኝ፤ ለዚያ ለሚያስለው አድርስልኝ ብለው፤ ማን እንደሆነ ስጠይቃቸው ፍሪጅ የሚሠራው ነው እንጂ ሌላ አልነገሩኝም» አለ። ክሩን ፈትቼ ጋዜጣውን ዘረጋሁት። ሽምብራው ከገብሱ ይበዛ ነበር።